ሰፋሪ የለም

የኢቲዳል ሙርሳል ጥፋቷ አንድ ነው፤ አማርኛ መቻሏ። ባትችል ኖሮ ያ ወረቀት የያዘ ሰውዬ ይጠይቃታል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እሱም አስተርጓሚ ፍለጋ ይሄዳል፤ አለቀ። ግን ቻለችና መለሰች። በመለሰችው አንድ ቃል ፋዱር የሚባለው መንደር፣ ሠላሳ አንድ ቤት፣ ከነሰዉ፣ ከነፍየሉ፣ ከነምንጩ ከወረቀት ላይ ጠፋ። ይህን አሶሳ ከተማ ውስጥ ስታወሩት ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ ሳቅ አያስከፍልም። ፋዱር ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የሳቀበት የለም።

ፋዱር በርታዎች የሚኖሩበት፣ ከዋናው መንገድ ተወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚደረስበት ሸለቆ ነው። ከበላዩ የቆመውን ኮረብታ ሽማግሌዎቹ «ሐጀር አብየድ» ይሉታል፤ ነጭ ድንጋይ ማለት ነው። ኮረብታው እብነ በረድ ነው። እብነ በረድ መሆኑን ግን ማንም ነገሬ ብሎት አያውቅም፤ ለፋዱር ሰው ኮረብታው ውሃ ነው። ከሥሩ ካለው ስንጥቅ የሚወጣው ምንጭ መጋቢት ላይ፣ ወንዙ ሁሉ አሸዋ በሚሆንበት ወር እንኳ፣ አይነጥፍም። ኢቲዳል ተወልዳ የታጠበችው፣ አምስት ልጆች ወልዳ ያጠበችው፣ ባሏም ሲሞት ሬሳው የታጠበው በዚያ ውሃ ነው።

አማርኛውን የተማረችው ከስንቅነሽ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት የወሎን ሰው በመኪና እየጫነ አምጥቶ አሶሳ ዙሪያ ሲያሰፍር፣ ከፋዱር ማዶ ቤቶች በሰልፍ ተሠሩ፤ መንደሩም አምባ ተባለና ቁጥር ተሰጠው። የመጡትን ሰዎች መንግሥት «ሰፋሪ» አላቸው። በርታውም ሰፋሪ አላቸው። እነሱም ራሳቸውን ሰፋሪ አሉ። ያኔ ኢቲዳል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ባሚያ አስይዛ በጨው ለውጪ ብላ ስትልካት፣ ባሚያ ምን እንደሆነ የማታውቅ፣ በወባ የነጣች እኩያዋን አገኘች። ስንቅነሽ ነበረች። ኢቲዳል የባሚያ አሠራር አሳየቻት፣ ስንቅነሽ ደግሞ አማርኛ አስተማረቻት። እንግዲህ ኢቲዳል መጀመሪያ ካወቀቻቸው የአማርኛ ቃላት አንዱ «ሰፋሪ» ነው፤ ትርጉሙም ለእሷ በመኪና የመጡት፣ እነስንቅነሽ ማለት ነው። አሶሳ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ከዚህ ሌላ ትርጉም አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነላትም። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ትላለች። ስንቅነሽ አርማ አርማ፣ አግብታ ወልዳ፣ ከአምባው ወጥታ ከነጩ ኮረብታ ጀርባ ማሳዋ ዳር ቤት ሠርታ፣ አያት ከሆነች በኋላ ተወችው። «ኧረ እንደፈለግሽ! እኔንም አንተ በይኝ፤ ፂም አላበቅል» ትላታለች። ከዚህ በቀር የኢቲዳል አማርኛ ገበያ ይወጣል፣ ሐኪም ፊት ይቆማል፣ ፍርድ ቤት ይገባል። የፋዱር ሴት ምጥ ሲጠናባት አሶሳ ሆስፒታል ይዛት የምትሄደው ኢቲዳል ናት። መታወቂያ የሚያወጣው፣ ፍየል የጠፋበት፣ መድኃኒቱ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ የጠፋው፣ ሁሉም ኢቲዳልን ጥሩልኝ ነው የሚለው። «አፋችን» ይሏታል። ኩራቷም ይኸው ነበር፤ ሌላ ምን ነበራትና!

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ማዕድን ፈላጊዎች መጡ። መዶሻ ይዘው ኮረብታውን ሦስት ቀን ሲያንኳኩ ሰነበቱ። ከትንሽ ጠርሙስ አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት ድንጋዩ አረፋ ደፍቆ ይፈላል፤ እነሱም ይደሰታሉ። ኢቲዳል ቆማ እያየች፣ ትልቅ ሰው ድንጋይ ተፋልኝ ብሎ ሲፈነድቅ ምን ይባላል ብላ ስቃባቸዋለች። አንዱን ቁራጭ በውሃ ፈትገው ሲያሳዩአት ግን ፊቷን አየችበት። የትልልቅ ሆቴል ወለል የሚሆን ነው አሏት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ናሙና የሚሸከሙላቸውን ወንዶች ከመንደሩ ቀጠሩ፣ ተመርቀውም ሄዱ። ፋዱር ድንጋዩን አትንኩብን አላለም። ድንጋይ ነው፤ ይውሰዱት።

ሚያዝያ ላይ ጌትነት መጣ። ጌትነት ካባው ከመከፈቱ በፊት፣ ማለት ድንጋዩ መፈንቀል ከመጀመሩ በፊት፣ አካባቢውን አጥንቶ ቅጽ እንዲሞላ የተላከ ባለሙያ ነው። የመንደሩ ወንዶች ወንዝ ወርደው ወርቅ የሚያጥቡበት ወቅት ስለነበር እቤት የቀሩት ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ኢቲዳል እንግዳውን ማንጎው ጥላ ሥር ሰሌን ዘርግታ አስቀመጠችው። ከምንጩ የቀዳችውን ውሃ በቅል ሰጠችው፤ ጠጣ፣ ደገመ። ማንጎ ላጠችለት፤ በላ። ከዚያ አፉን ጠርጎ ቅጹን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«እማማ፣ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰፋሪ አለ?»

ኢቲዳል ሳቀች። «ሰፋሪ? ሰፋሪ እዚህ ምን ያደርጋል! ወላሂ አንድም የለም። ሰፋሪ የፈለግሽ እንደሆነ አምባ ሂጂ፣ ከማዶ።»

«ስለዚህ የለም ልበል?»

«የለም በይ። ድሮም አልነበረም።»

«እነዚህ ጎጆዎችስ?»

«የኛ ነዋ። ወንዶቹ ወንዝ ናቸው፤ ወርቅ ያጥባሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይመጣሉ።»

ጌትነት ጻፈ። አውራ ጣቷን ሰማያዊ ቀለም አስነክሮ ወረቀቱ ላይ አስጫናት፤ ሽማግሌዎቹ እያዩ ነበርና ኮራ ብላ ተጫነችው። እንግዲህ ፍረዱ! ሰውየው የተቀመጠው በሰው ሰሌን ላይ ነው። የጠጣው ሰው የቀዳውን ነው። ከአጠገቡ ሽማግሌ ያስላል፣ ከጓሮ ዶሮ ይጮሃል፣ የታጠበ ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ቀና ብሎ አንዴ ቢያይ ምን ነበረበት? አላየም። ቅጹን ነበር የሚያየው።

ክረምቱ አልፎ ኅዳር ላይ ሎደርና ገልባጭ መኪና ኮረብታው ላይ ወጡ። ከእብነ በረድ የሚፈለገው ሳይሰነጠቅ የወጣው ብሎክ ብቻ ነው፤ የተሰበረው፣ የተፈረፈረው፣ ዱቄቱ ሁሉ ተረፈ ድንጋይ ይባልና የሆነ ቦታ ይደፋል። የሆነ ቦታ የተባለው ፋዱር ሆነ። የመጀመሪያው ገልባጭ ከላይ ሲደፋ ኢቲዳል ምንጩ ላይ ጀሪካን እየሞላች ነበር። ድንጋዩ እሷ ጋ አልደረሰም፤ አቧራው ግን ደረሰ። ውሃው እንደ አጓት ነጣ።

ጀሪካኑን ጥላ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። «አቁሚ! አቁሚ እልሻለሁ!» እያለች ሎደሩ ፊት ስትቆም፣ ጂራታ የሚባለው ኦፕሬተር ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። የባምባሲ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ያከብራል።

«ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ሰው የለም ብለውናል እኮ!»

«ማነው ያለው?»

ጂራታ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳውን ገጽ አነበበላት። «በሸለቆው ውስጥ ሰፋሪ የለም፤ ቀድሞም አልነበረም። የሚታዩት ጎጆዎች ወርቅ አጣቢዎች በዝናብ ወቅት የሚያርፉባቸው ጊዜያዊ መጠለያዎች ናቸው። መረጃ ሰጪ፣ ወይዘሮ ኢቲዳል ሙርሳል።» ከስሟ ጎን የአውራ ጣቷ አሻራ አለ።

ኢቲዳል ጣቷን አየችው። በዚያች ቅጽበት ጣቷን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት። ከዚያ ግን ተናደደች። እኔ ምን አልኩ? እሱ ምን ሰማ? ጂራታ አንገቱን ደፍቶ፣ አለቃው እስኪነቃበት አሥር ቀን ያህል ከዳርኛው ጫፍ እየደፋ እንደሚያዘገይላት፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንጩ መቀበሩ እንደማይቀር ነገራት። «እኔ እንቢ ብል ሌላ ኦፕሬተር ያመጣሉ» አላት።

መንደሩ በዚያው ቀን ወሬውን ሰማ። ወንድሟ ሀይደር ሰዉ በተሰበሰበበት ተነስቶ፣ «አፋችን ስንላት ነበር፤ ይኸው በአፏ ቀበረችን» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ሰላምታ ነሷት። በምጣቸው ጊዜ እጃቸውን ይዛ ሌሊቱን ያነጋችላቸው ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ቅጽ የሞላውን ማን ይነካዋል? ኢቲዳል ግን ቅርብ ናት፤ ሴት ናት፤ ባሏም የለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው። ግን ወለምታ የራስን እግር ነው የሚያሳምመው፤ እዚህ ግን የሷ አፍ ተወልሞ መንደሩ ሁሉ ሊያነክስ ሆነ።

በማግሥቱ ከኮረብታው ጀርባ ወደ ስንቅነሽ ቤት ሄደች። ሰላም ሳትል በሩ ላይ እንደቆመች፣ «ሰፋሪ ማለት ምንድነው?» አለቻት።

«እኔ ነኛ! ምን ነካሽ?»

ኢቲዳል ሁሉንም ነገረቻት። ስንቅነሽ ጭንቅላቷን ይዛ ቁጭ አለች። «ኧረ ወየው! የኔ እህት፣ ለወረቀት ሰፋሪ ማለት እኮ ሌላ ነው። ቦታው ላይ ተቀምጦ የተገኘውን ሁሉ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ለምን ሰው አይሉም? ሰው አለ ወይ ቢለኝ አለ እል አልነበረም?»

«ወረቀት ሰው አይልማ» አለች ስንቅነሽ። «አብሽሪ፤ ነገ አሶሳ አብረን እንወርዳለን።»

ወረዱ። ጥናቱን ያጸደቀው የክልሉ ቢሮ ውስጥ ያገኟት ባለሙያ ሐኒ ትባላለች፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ አንደበቷ ትሁት የሆነ ወጣት ናት። ፋይሉን አውጥታ አየችው። ሰነዱ ጸድቋል አለች። እንዲታረም ቅሬታ መቅረብ አለበት፤ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው ደግሞ የቦታው ነዋሪ ነው።

«እኔ ነኛ!» አለች ኢቲዳል።

«እማማ፣ በሰነዱ መሠረት እኮ ቦታው ነዋሪ የለውም።»

«እኔስ ምንድነኝ? ጂን ነኝ? ንካኝ! ጂን ሥጋ አለው ወይ?»

ሐኒ አፈረች። ብታፍርም ማህተሙ እሷ ጋ አይደለም። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ አለች። ቀበሌው ካባው የወረዳ ነው አለ። ወረዳው የክልል ነው አለ። ክልል የቢሮው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ስብሰባ! ይህ ስብሰባ የሚሉት ነገር የማያልቅ ድግስ ነው፤ ጠሪው አይታወቅ፣ ተጠሪው አይወጣ። ኢቲዳል ጎህ ሲቀድ ከፋዱር ትነሳለች፣ ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስ ትጠብቃለች፣ ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ማታ ማታ ወደ ምንጩ ወርዳ ድንጋዩ የት እንደደረሰ ታያለች። በስምንተኛው ቀን ሃያ እርምጃ ቀርቶታል።

በዘጠነኛው ቀን ስንቅነሽ ማሽላዋን ልታጭድ ቀርታ ኢቲዳል ብቻዋን ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ጌትነት ቦርሳውን አንግቶ ሲያልፍ አየችው። ዘላ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘች።

«ታውቂኛለሽ?»

ጌትነት አወቃት። ፊቱ ሲለዋወጥ ኮሪደሩ ሁሉ አየ። «እማማ፣ ልቀቁኝ። ራስዎ ነዎት እኮ የለም ያሉት። አሻራዎ አለበት።»

«አዎ አልኩ!» ጮኸች። በየክፍሉ ያለው ሰው በር እየከፈተ ወጣ። «ቃል ተሳሳትኩ። ያንቺ አገር ቃል ነው፤ የኔ አይደለም፤ ተሳሳትኩ። አንቺ ግን ዓይንሽ ምን ሆነ? ሰሌኑን ማን አነጠፈልሽ? ውሃውን ማን ቀዳልሽ? ማንጎውን ዝንጀሮ ነው የላጠልሽ?»

ጌትነት ማንገቻውን ከእጇ ሊያስለቅቅ ታገለ። ስብሰባ ላይ ናቸው የተባሉት ኃላፊም ጩኸቱን ሰምተው ከዚያው ቢሮአቸው ብቅ አሉ፤ ለካ ስብሰባው እዚያው ወንበራቸው ላይ ነው! ሰው ሁሉ እያየ ሌላ ነገር ማለት አልቻሉም፤ ድንጋይ መድፋቱ እንዲቆምና ጥናቱ እንዲደገም እዚያው አዘዙ። ቅጹም ይስተካከል አሉ። ለዚህ አገር «ሰፋሪ» የሚለው ቃል አሳሳች ስለሆነ ይሰረዝና «ነባር ነዋሪ» ይባል ተባለ። ኢቲዳል ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ነባር የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፤ በየስብሰባው እነሱ የሚጠሩበት ነው።

በዚያው ሳምንት ጌትነት አዲሱን ቅጽ ይዞ ፋዱር መጣ። ከቤት ቤት ዞሮ ሠላሳ አንዱንም ቤት ጻፈ። ውሃ አልጠየቀም፣ ማንም አልሰጠውም። ሳምንት ቆይቶ ኢቲዳል ቢሮ ተጠራች። ሐኒ ፊቷ በርቶ ደብዳቤውን አነበበችላት፤ የተረፈ ድንጋይ መጣያው ከፋዱር ተነስቶ፣ በድጋሚ ጥናቱ መሠረት ነዋሪ ወደሌለበት ወደ ሸለቆ ቁጥር ሁለት ተዛውሯል። የማኅበረሰቡ ተወካይ ሆና መስማማቷን ታረጋግጥ ዘንድ ቀለሙ ቀረበላት። ኢቲዳል እልል ብላ አውራ ጣቷን ተጫነችው።

ፋዱር ያን ቀን ሠርግ መሰለ። ሀይደር ፍየል አረደ። እህቱ ፊት ቆሞ ይቅር በይኝ ለማለት ምላሱ ቢተሳሰርም፣ ጉበቱን አንስቶ መጀመሪያ ለሷ ሰጣት። ሴቶቹ መጥተው አቀፏት። አቀፈቻቸው፤ ግን ሆዷ ሙሉ በሙሉ አልበረደም። ዘጠኝ ቀን ኮሪደር ላይ ስትቀመጥ ጤና ይስጥልኝ ያላላት ሁሉ ዛሬ አፋችን ይላታል። ከሥጋው ጥሩ ጥሩውን በቅጠል ጠቅልላ ለብቻ አስቀመጠች። ያ ለስንቅነሽ ነው፤ ሁሉም ፊቱን ሲያዞርባት አብራት አሶሳ የወረደች እሷ ብቻ ናትና።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሥጋውን ይዛ ኮረብታውን ዞረች። ከሩቅ የሎደር ድምፅ ሰማች። ካባው ላይ ነው ብላ ቀጠለች። ወደ ስንቅነሽ ማሳ የሚወርደው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ያልታጨደው ማሽላ ግማሹ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ከሥር ያለው ጉድጓድ፣ የስንቅነሽና የስምንት ጎረቤቶቿ የመጠጥ ውሃ፣ ክዳኑ ብቻ ነው የሚታየው። ጂራታ ሎደሩ ላይ ሆኖ ኢቲዳልን ሲያያት ዓይኑን ሰበረ። ስንቅነሽ ማጭዷን እንደያዘች ማሳው ዳር ቆማለች።

«አንተ! ምንድነው ይሄ?» አለች ኢቲዳል።

«የኛን ሸለቆ ቁጥር ሁለት ነው አሉኝ» አለች ስንቅነሽ። «ያ ልጅ ባለፈው መጥቶ ነበር። ነባር ነዋሪ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? አርባ ዓመት ሰፋሪ ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ብድግ ብዬ ነባር ነኝ ልበለው? ማን ሊምረኝ! ነባር የለም፣ እኛ ሰፋሪ ነን አልኩት። ሰፋሪ የሚለው ከቅጹ ወጥቷል አለኝና የለም ብሎ ጻፈ።»

ኢቲዳል መጀመሪያ ጌትነትን ረገመች። በበርትኛ ረገመችው፤ አማርኛ ለዚያ አልበቃትም። ቀጥላ ቢሮውን ረገመች፣ ቅጹን ረገመች፣ ስብሰባውን ረገመች። እርግማኑ አለቀና ኢቲዳል የምትረግመው አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለች።

ስንቅነሽ ዞር ብላ አየቻት። «ምን ብለው አነበቡልሽ?»

«ነዋሪ የሌለበት ሸለቆ።»

«አንቺም አመንሽ?»

ኢቲዳል በቅጠል የጠቀለለችውን ሥጋ መሬት አስቀመጠች። ሌላ ሰው ቢጠይቃት የምትለው አታጣም ነበር። «አመንኩ» አለች።

ስንቅነሽ ማጭዷን ጣለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዋናው መንገድ መውጣት ጀመረች። ኢቲዳል ከኋላዋ ተከተለች። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እንደገና ወደ አሶሳ፣ ወደዚያው ቢሮ።